የአፍንጫዬ ፊርማ

ሰኞ ጥር 3

ይህን ደብተር የገዛሁት በቤተ ሙከራችን ኃላፊ፣ በዶክተሯ ምክንያት ነው። የአይጦቹ መዝገብ ላይ «የሰባት ቁጥር ሳጥኗ እናት ዛሬ ኩርፊያ ላይ ናት» ብዬ የጻፍኩትን አገኘችና፣ መዝገብ የወሬ ቦታ አይደለም አለችኝ። እሺ አልኩ። ወሬዬን ጠቅልዬ ወደዚህ መጥቻለሁ።

ጉንፋን ዘጠኝ ቀን ጥሎኝ ሰንብቶ ዛሬ ሥራ ገባሁ። ጭንቅላቴ ውስጥ አሁንም ጥጥ የተጠቀጠቀ ይመስለኛል። የዶክተሯ ተማሪ በር ላይ አገኘኝና «አፍንጫ መጣች» አለ። እዚህ መሥሪያ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የምጠራው በዚህ ነው፤ ስሜን የሚያውቀው የሰው ኃይል ክፍል ብቻ ሳይሆን አይቀርም። አይጦቹ ደህና ናቸው። ክፍሉ እንደ ወትሮው አልከረፋኝም፤ በሌለሁበት ሰጋቱራውን በደንብ ቀይረውት ይሆናል። ተማሪውን አመሰገንኩት። ግራ ገባው።

ረቡዕ ጥር 5

እማን ክሊኒክ ወሰድኳት። የግራ ተረከዟ ላይ ያለው ቁስል ሲያዩት ምንም አይደለም፣ የአውራ ጣት ጥፍር ቢያክል ነው። ስኳሩ ግን እግሯን አደንዝዞታል፤ ሚስማር ብትረግጥ አይሰማትም። ነርሱ አጠበና አሸገው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ በየቀኑ እየከፈትሽ አታስቀይሚው፣ በየረቡዑ እኔ እከፍተዋለሁ አለኝ። ሕመም አይሰማቸውምና ሕመም አትጠብቂ፣ ሽታ ጠብቂ። መሽተት የጀመረ ዕለት ቀን ሳትቆጥሪ ይዘሻቸው ነይ።

እማ ሳቀች። «የእሷ ሥራዋ ማሽተት ነው» አለችው፣ ሌላው ሰው ልጄ ሐኪም ናት ሲል እንደሚኮራው ኮርታ። ነርሱ ምን ማለቷ ነው ብሎ ጠየቀኝ፤ አስረዳሁት። ከጤነኞቹ ሌላ ሁለት ዓይነት አይጦች አሉን። የአንደኞቹ ጂን ላይ አንዲት ፊደል ተቀይራ አፍንጫቸው ደንዝዟል፤ ሽታው ካልበረታ አይሰማቸውም። እኛ «ደንዞቹ» እንላቸዋለን። የሁለተኞቹ ሌላ ቦታ ላይ ተበላሽቶ ሽታ መላመድ አቅቷቸዋል። ጤነኛ አይጥ አዲስ ሽታ ሲመጣ ሮጦ ያሸታል፤ ሦስቴ አራቴ ካሸተተው በኋላ ይሰለቸውና ይተወዋል። እነዚህ ግን መቶ ጊዜ ብታቀርብላቸው መቶ ጊዜ እንደ አዲስ ይሮጣሉ። እነሱን «አይሰለቼ» ብለናቸዋል። ነርሱ ሰምቶኝ ሲያበቃ ሚስቴ አይሰለቼ ናት፣ ካልሲዬን ሃያ ዓመት አልለመደችውም አለ። እማ እስክታስል ሳቀች።

ቅዳሜ ጥር 8

ሾርባ ሠራሁ። እማ ሁለት ማንኪያ ቀመሰችና ሳህኑን አስቀመጠችው፤ ጨው በዝቶበታል አለች። እኔን ውሃ ውሃ አለኝ። ጉንፋን አፍ ያበላሻል።

ወተቱም ተበላሽቶ ኖሯል። ብርጭቆውን ከአፌ ላይ የነጠቀችኝ እሷ ናት። ምን ነካሽ ስትለኝ፣ ሐሳብ ላይ ነበርኩ አልኳት።

ረቡዕ ጥር 12

ጠዋት ክሊኒክ። ቁስሉ ደህና ነው፤ ነርሱ ደስ አለው። ከዚያ በሩጫ ወደ ሥራ።

ዛሬ ቡሾቹን ጨረስኩ። የዚህን ሥራ ጣጣ ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም። ለፈተና ሁለት ዓይነት ብልቃጥ አዘጋጃለሁ። አንደኛው ውስጥ ሽታ የሌለው ዘይት ብቻ አለ፤ ሁለተኛው ውስጥ ያው ዘይት የሙዝ ወይም የሎሚ ሽታ ጠብ ተደርጎበታል። መክደኛቸው ላስቲክ ቡሽ ነው። ላስቲክ ደግሞ ቂመኛ ነው፤ የያዘውን ሽታ ቶሎ አይለቅም። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ሳፋ አጥቤ ካደረቅሁ በኋላ አንድ በአንድ አፍንጫዬ ሥር አደርጋለሁ። ሽታ የያዘው ተመልሶ ይቀቀላል፤ የጠራው ያልፋል። ከዚያ መዝገቡ ላይ «ተሽትቷል» ብዬ እፈርማለሁ። መሣሪያ የለውም፤ ዶክተሯም ከፊርማዬ ሌላ ጠይቃኝ አታውቅም።

ድሮ ግማሽ ቀን ይፈጅብኝ ነበር። ዛሬ መቶ ሃያውን ቡሽ በአንድ ሰዓት ጨረስኩ፣ አንድም የሚመለስ አላገኘሁም። አዲሱ ሳሙና ጎበዝ ነው።

ማክሰኞ ጥር 18

ጊዜ የለኝም። ፈተናው ተጀመረ። አርባ ስምንት አይጥ፣ በቀን አሥራ ስድስት። ተማሪው ሰዓት ይይዛል፣ እኔ ብልቃጥ አቀብላለሁ። ምሳ የለም። ነገ ክሊኒክ፣ ጠዋት በአንድ ሰዓት ተኩል፣ እንዳልረሳ።

ዓርብ ጥር 21

ነገሩ አላማረኝም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሽታ የሌለውን ብልቃጥ ሦስት ጊዜ እናስገባለን። አይጧ ዞር ብላም ማየት የለባትም። በአራተኛው ሙዙን እናስገባለን፤ ጤነኛዋ እዚያ ላይ ሮጣ መምጣት አለባት። ጤነኞቹ ግን የተገላቢጦሽ ሆነው ዋሉ። ሽታ የሌለውን እየሮጡ አሸተቱት፤ እውነተኛው ሙዝ ሲመጣ ጀርባ ሰጡት። ቁጥሩ ሲደመር ጤነኞቹ ከደንዞቹ ባሱ።

ዶክተሯ ወረቀቱን አየችና ፊቷ ጥቁር አለ። ሳጥኖች ተቀያይረዋል፣ የጆሮ ምልክታቸውን ሳታይ ነው ያስገባሃቸው አለችው። ተማሪው አንድ በአንድ አይቻለሁ አለ። ማን አየልህ አለችው። እኔን ተመለከተኝ፤ እኔ ደግሞ ነገር ለማብረድ ብዬ «የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ» አልኩ። ማንም አልሳቀም። ልጁ አንገቱን ደፋ። አራት ዓመት የለፋበት ጥናት ነው፤ መጋቢት መጀመሪያ ላይ ፈታኞቹ ፊት ይቆማል። እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም።

ማክሰኞ ጥር 25

ሁሉም ምሳ ሲወጡ የሙዙን እናት ጠርሙስ አወረድኩ፤ ዘይት ያልነካውን፣ በጭንብል ካልሆነ የማንከፍተውን። ከፍቼ አፍንጫዬ ሥር አደረግሁት። ዓይኔ አነባ። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ይባል የለ። ስለዚህ ይሸተኛል። ትንሽ ነው እንጂ ይሸተኛል።

ለምጄው ነው። ከሽታ ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖረ ሰው የማይለምደው ምን አለ? ከቆዳ ፋብሪካ አጠገብ የሚኖር ሰው ቤቱ እንደሚሸት አያውቅም። እኛ ራሳችን የምናጠናው ይህንኑ አይደል፤ ሽታ ሲደጋገም አፍንጫ በሩን ይዘጋል። ጤንነት ነው እንዲያውም። በሽታ የሚሆነው አለመልመድ ነው።

ጠርሙሱን መለስኩ። ጉንፋኑ ከለቀቀኝ ሦስት ሳምንት አልፏል።

ረቡዕ ጥር 26

ክሊኒክ አልሄድንም። ዶክተሯ ፈተናው ከነገ ጀምሮ እንደ አዲስ ይደገም ብላለች፤ ቡሽ ማጠብ፣ ዘይት መቅዳት፣ ሁሉም እኔ ላይ ነው። ለነርሱ ደወልኩ። ሽታ አለው ወይ አለኝ። የለውም አልኩ። እንግዲያው ለሚቀጥለው ረቡዕ ይቆይ አለኝ። ተገላገልኩ።

ዓርብ ጥር 28

ከደንዞቹ አንዷ ወልዳለች። ስምንት ናቸው፣ ገና ፀጉር ያላወጡ፣ ቀያይ። የጠባ ግልገል በስስ ቆዳው በኩል ሆዱ ውስጥ ወተቱ ነጭ ሆኖ ይታያል። የሦስቱ ሆድ ባዶ ነው። እነዚህ ለውጡን ከእናትም ከአባትም የወረሱት ናቸው። ግልገል ዓይኑ ሳይገለጥ ጡት የሚያገኘው በማሽተት ነው፤ እነሱ እናታቸው ሆድ ሥር ተኝተው ጡቱን ያጡታል። ጡቱ አፍ ላይ ደርሶ እየነካቸው ያልፉታል።

አንዱን በጣቴ ወደ ጡቱ ገፋሁት። አይፈቀድም፤ ቁጥር ያበላሻል። ገፋሁት፣ ተመልሶ ተንከባለለ። አንጀቴን በላኝ። ማታ ቤት ስገባ እማ ገና ምሳዋን አልበላችም፤ ፍላጎቴ ተዘግቷል አለችኝ።

ረቡዕ የካቲት 3

ዛሬም አልሄድንም። ነርሱ ራሱ ደወለ። ሽታስ አለኝ፤ ምንም አልኩት። ትኩሳትስ አለኝ፤ ግንባሯን ዳሰስኩ፣ ትንሽ ሞቅ ብሏታል፤ ብርድ ልብስ ደርባ ነው አልኩት። ለነገሩ የለበሰችው ሁለት ነው።

ሁለተኛው ዙር ፈተናም ያው ሆነ። ዶክተሯ ተማሪውን ቢሮዋ አስገብታ በሩን ዘጋች። ሲወጣ ጆሮው ቀልቷል።

ቅዳሜ የካቲት 6

እማ ጠዋት መስኮቱን ክፈቺው አለችኝ። ውጭው ብርድ ነው። ከፈትኩላት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያንን የሎሚ ሳሙና አምጪልኝና ትራሴ አጠገብ አስቀምጪልኝ አለች። እርጅና ሲመጣ ሰው እንደ ሕፃን ያምረዋል መሰለኝ።

አልጋዋ ግርጌ ተቀምጬ ልብስ ሳጥፍ ታየኝ ነበር።

«እግሬ ደህና ነው ወይ?»

«ደህና ነው እማ። ቢብስ ኖሮ ሽታው ይነግረኝ ነበር።»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የሚቀጥለው ረቡዕ የግድ እወስዳታለሁ።

ማክሰኞ የካቲት 9

የጽዳት ሠራተኛዋ ክፍሉን ስትጠርግ የቡሾቹን መሳቢያ ከፈተች። አፍንጫዋን ጨምድዳ፣ ሙዝ እዚህ የሚበላው ማነው፣ ጉንዳን ልታመጡብኝ ነው አለች። የትኛው መሳቢያ ነው አልኳት። ይሄ ነዋ፣ ሙሉው ሙዝ ሙዝ ይላል አለች። «ንጹሕ» ብዬ የጻፍኩበት መሳቢያ ነው። ሽታ ለሌለው ብልቃጥ የማወጣው ከዚያ ነው።

ቆሌዬ ተገፈፈ። አንዱን ቡሽ አንስቼ አሸተትኩት። ሌላም አሸተትኩ። ልጅቷ መጥረጊያዋን ይዛ ቆማ ታየኛለች፤ «ኧረ ይሰነፍጣል፣ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። «አዎ፣ ይሰነፍጣል» አልኩ።

እንዲህ ከሆነ ሁሉም ነገር ግልጽ ነው። ሽታ የለውም ያልነው ብልቃጥ ቡሹ ሙዝ ሙዝ ይል ነበር። ጤነኞቹ አይጦች ገና ከመጀመሪያው ሙዙን አሽትተው፣ ለምደው፣ ሰልችቷቸው ነው እውነተኛውን የተዉት። ጎበዞች ናቸው። ሳጥን የተቀያየረ የለም፤ ልጁ አልዋሸም። መዝገቡን ገለጥኩት፤ ጥር 12፣ ተሽትቷል፣ ፊርማ። ጥር 27፣ ተሽትቷል፣ ፊርማ።

ቡሾቹን በሙሉ ቀቀልኳቸው። ለማንም አልተናገርኩም። ሆድ ይፍጀው።

ሐሙስ የካቲት 11

ትናንት ረቡዕ ነበር። ረስቼ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ቡሾቹን ደግሜ ስቀቅል ዋልኩ። ነርሱ ደውሎ አላነሳሁም።

ዶክተሯ ዛሬ የአይጦቹን ክፍል ቁልፍ ከተማሪው ተቀበለችው። በሰው ፊት። አጠፋህ ሳይሆን ተዝረከረክህ አለችው፤ ለእሱ ይሄኛው ይብሳል። ቁልፉን ከመያዣው ላይ አላቅቆ ሰጣት። እኔ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆሜ ብልቃጥ እቆጥር ነበር። አሥራ ሁለት ናቸው። ደግሜ ቆጠርኳቸው።

ነገ ለዶክተሯ እነግራታለሁ። አፍንጫዬ እንዲህ ሆነ ብዬ ብናገር ግን ምን ቀረኝ? ከዚህ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም፤ እማን የያዝኳት በዚህ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። ይበሉ። ሰኞ እነግራታለሁ።

ቅዳሜ የካቲት 13

እህቴ መጣች። ከወር በላይ ሆኗታል ካየናት፤ መንገዱም ልጆቹም አላስመጣ ብለዋት ነው። በሩን ከፈትኩላት። አንድ እግሯን አስገብታ ተመልሳ ወደ ደረጃው ወጣች። ሻርፗን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ፣ «ምንድን ነው ይሄ?» አለችኝ።

«የቱ?»

«የቱ? አፍንጫ የለሽም?»

ገፍታኝ አለፈች። የእማን ብርድ ልብስ ገለጠች፣ ፋሻውን ፈታችው። ተረከዟ የለም። ጥቁር ነው፣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ። ምነው ዓይኔን ግንባር ባደረገው። እህቴ አንገቷን በመስኮቱ አውጥታ አስመለሰች፣ ከዚያ አፏን ጠርጋ ታክሲ ጠራች። እማ እኔን ነበር የምታየው።

እሁድ የካቲት 14

ሆስፒታል። ኮሪደር ላይ። ትኩሳቷ 39.6። ስኳሯ አልወርድ አለ። እህቴ አታናግረኝም። የምጽፈው እጄን ሥራ ላስይዘው ብዬ ነው።

ማክሰኞ የካቲት 16

ከጉልበቷ በታች ቆረጡት።

ቀዶ ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ሲናገር ወለሉን ያያል። ይህ ቁስል ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት በደንብ መሽተት ነበረበት አለ። ያኔ ቢመጡ ተረከዙን አጽድተን እግሩን እናተርፈው ነበር አለ። አብሮ የሚኖር ሰው የለም ወይ ብሎ ጠየቀ። እህቴ በእጇ ወደ እኔ አመለከተች።

ዓርብ የካቲት 19

ቤት ብቻዬን ነኝ። እህቴ ዛሬ እማ ዘንድ ታድራለች።

ጥር 25 የጻፍኩት ውሸት ነው። አልሸተተኝም። ምንም አልሸተተኝም፤ ያቃጠለኝ ዓይኔን ነው። ያን ቀን ከጠርሙሱ ሌላ የጫማ ቀለም አሸተትኩ፣ ኮምጣጤ አሸተትኩ፣ ብብቴን አሸተትኩ። ከጉንፋኑ ከተነሳሁበት ቀን ጀምሮ ዓለም በሙሉ ውሃ ሆናብኛለች። አውቅ ነበር። ሥራ በገባሁ በመጀመሪያው ቀን፣ የአይጦቹ ክፍል በር ተከፍቶ ምንም ሳይመጣብኝ ሲቀር አውቄያለሁ። «ለምጄው ነው» የምትለውን ቃል ለራሴ ሸለምኳት፣ ወር ሙሉ ተሸፋፈንኩባት።

ጎረቤት እንኳ ብጠይቅ ምን ነበረበት? እስቲ ግቢና አሽቺልኝ ብል? የራሴን አፍንጫ በሌላ ሰው አፍንጫ ማስፈተን አሳፈረኝ። በዚህች እፍረት የእናቴን እግር በላሁት።

ዛሬ ከሰዓት ነቃ ብላ ነበር። እጄን ያዘችና፣ ለእህቴ እንዳይሰማ ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። ሸቶኝ ነበር እኮ አለች። ግን አንቺ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ዝም ስትይ፣ ቢከፋ ልጄ ቀድማ ታውቀው ነበር ብዬ ተውኩት። እኔ ምን አውቃለሁ፣ የምታውቂው አንቺ ነሽ።

ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ሰኞ የካቲት 22

ተናገርኩ። ዶክተሯ ቢሮ ገብቼ መዝገቡን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋሁትና እነዚህ ፊርማዎች ሐሰት ናቸው አልኳት። ከጥር መጀመሪያ ጀምሮ አይሸተኝም፣ ቡሾቹ ሽታ ይዘው ነበር፣ ልጁ ምንም አላጠፋም። ዶክተሯ መነጽሯን አወለቀች። መቼ ነው ያወቅሽው ስትለኝ፣ ስለ ቡሾቹ ከሆነ ከየካቲት ዘጠኝ ጀምሮ፣ ስለ አፍንጫዬ ከሆነ ከመጀመሪያው ቀን አልኳት። ቁልፉን ስቀበለው ቆመሽ ነበር አለችኝ። ቆሜ ነበር አልኩ።

አልጮኸችብኝም። ከዛሬ ጀምሮ ሳጥን ማጠብ ላይ ነሽ፣ ሌላውን እናያለን አለችኝ። ሐኪም ዘንድ መሄጃ ወረቀትም ጻፈችልኝ፤ ከጉንፋን በኋላ የጠፋ ማሽተት አንዳንዴ ይመለሳል፣ አንዳንዴ አይመለስም አለችኝ። የሷን ደግነት ከቁጣ ይልቅ ፈራሁት።

ተማሪውን ኮሪደር ላይ አገኘሁት። ነገሩን ሰምቷል። ይቅርታ አልኩት። «ብትነግሪኝ እኮ እኔ አሸትልሽ ነበር» አለኝ፣ ከዚያ ጥሎኝ ሄደ። ፈታኞቹ ቀኑን አያራዝሙለትም ተብሏል፤ ሦስተኛውን ዙር በአሥራ ሁለት ቀን መጨረስ አለበት። «አፍንጫ» ብሎ አልጠራኝም።

ዓርብ የካቲት 26

ሆስፒታል። እህቴ የእማን ፀጉር እያበጠረች ነበር። ስገባ ማበጠሪያውን አስቀመጠችና ሁለት ሳምንት ያመቀችው ወጣ። አንድ ሰው ነው የነበራት፣ እሷም አንቺ ነሽ። እኔ ከደረጃው ላይ ነው የሸተተኝ። አንቺ አልጋው ላይ ተቀምጠሽ ምን ስትሠሪ ነበር? አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር አፌን ከፈትኩ። እማ ቀደመችኝ። እንደዚያ ቆጣ ስትል አይቻት አላውቅም፤ ከትራሱ ቀና አለች።

«ተያት። አንቺ አፍንጫሽን ሸፍነሽ ነው ወደ እናትሽ የገባሽው፣ አይቼሻለሁ። እሷ ስንት ሳምንት እግሬ ሥር ተቀምጣ ፊቷን እንኳ አላጨማደደችም። ፋሻዬ ላይ እጇን አድርጋ ነው ወሬ የምታወራኝ። እኔ ራሴን ስጠየፍ እሷ አልተጠየፈችኝም። ፍቅር ማለት ይሄ ነው፤ ከእሷ ተማሪ።»

የእህቴ ፊት አመድ መሰለ። ሸፍኜ የገባሁት ድንገት ስለሆነብኝ ነው እማ አለች። እማ ፊቷን አዞረች። እህቴ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ደረጃው ላይ ስታለቅስ ይሰማል፤ ጆሮዬ ደህና ነው።

እማ እጄን ይዛ መረቀችኝ፤ የልጅ ልጅ ይጡርሽ፣ እንዳልተጠየፍሽኝ ማንም አይጠየፍሽ። አሜን አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

ማክሰኞ የካቲት 30

እማ ዛሬ ቤት ገባች። ሁለት የአምቡላንስ ሠራተኞች ተሸክመው አስገቧት። አልጋዋን ወደ መስኮቱ አዙሬዋለሁ። እህቴ አልመጣችም፤ አራት ቀን ሆነ፣ ስልክም አታነሳም። ልጇ አንስታ እናቴ ተኝታለች አለችኝ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ።

እማን ሳጥባት ዋልኩ። ጀርባዋን ሳሽላት ስለ እህቴ አነሳች፤ ሆዷ ባብቷል ግን ልቧ አልለሰለሰም። እሷ ከልጅነቷም ቅንጡ ናት፣ አንቺ ነሽ የኔ አለች። ስፖንጁን ሳፋው ውስጥ ጣልኩት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ይህችን ምርቃት አንድ ቀን ብጨምርባት ዕድሜ ልኬን ተሸክሜያት ልኖር እንደምችል ታወቀኝ። በጣም ቀላል ነበር። ማንም አይጠይቀኝም ነበር።

ፊት ለፊቷ ዞሬ እጇን ይዤ ተንበረከክሁ። እማ፣ አልሸተተኝም አልኳት። ከጉንፋኑ ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ሾርባውም፣ ወተቱም፣ እግርሽም። ሥራዬን ፈርቼ ደበቅሁ፤ ነርሱ ሲጠይቀኝም ሽታ የለውም ያልኩት ሳይሸተኝ ነው። እህቴ ስለሸተታት ነው የደነገጠችው። እኔ ስላልሸተተኝ ነው የተቀመጥኩት።

እማ አየችኝ። ከፀጉሯ ላይ ውሃ በግንባሯ ይወርዳል፤ አልጠረገችውም። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ፣ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ታዲያ አልተጠየፍሽኝም የምለው» አለች ቀስ ብላ፣ «ፍቅር አልነበረም?»

ነበር ልላት ፈለግሁ። አብሬሽ የምቀመጠው ስለምወድሽ ነው፣ ቢሸተኝም እቀመጥ ነበር ልላት ፈለግሁ። እቀመጥ ነበር ወይ? ይህን አላውቅም። የሚያውቅልኝም የለም።

እጇን ከእጄ ውስጥ አወጣችና ፎጣውን ራሷ ሳበችው። ትከሻዋን ሸፈነች።

«እህትሽን ጥሪልኝ» አለችኝ።

ልብሴን ቀይሬ እህቴ ቤት ሄድኩ። በሩን ስትከፍት እማ ትፈልግሻለች አልኳት፤ ሻርፗን ሳታነሳ ተከተለችኝ። ቤታችን ስንደርስ እሷ ወደ እማ ገባች፤ እኔ ደረጃው ላይ ቀረሁ።